ሄሌኒየምን ከዘር አብቅሎ ደሴ ላይ ለመስቀል ማድረስ ይቻላል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ሰላም ናችሁ ወገኖች? አበባ የምትወዱ ካላችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ደሴ ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሁለት ፓኬት የአበባ ዘር ሰጠችኝ፣ ሁለቱም ሄሌኒየም የሚባል አበባ ነው። አንዱ ላይ «ሄሌና» ይላል፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ የተቀላቀለበት። ሌላው «ዳኮታ ጎልድ» ነው፣ እሱ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ። ፎቶውን ሳየው በጣም ወደድኩት። መሃሉ ድብልብል ብሎ ወጣ ያለ ነው፣ ዙሪያውን ያሉት የአበባው ቅጠሎች ደግሞ ወደ ታች ዘንበል ብለዋል፣ በተለይ የቀዩን ዓይነት ቀለም እኛ ሰፈር በማንም ግቢ አይቼ አላውቅም።

የምፈልገው አጥሩ ሥር ከአደይ አበባው ጎን ተክዬው ለመስቀል እንዲደርስልኝ ነው። አገሩ ላይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያብባል ይላሉ፣ ስለዚህ ወቅቱ ይገጥማል ብዬ አሰብኩ።

ዘሩ ግን በጣም ደቃቅ ነው። ስንት ጣት ቀብሬ ነው የምዘራው? አፈራችን ጥቁር መረሬ ነው፣ ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ደግሞ እናቴ ሳይነስ አለባት፣ ይሄ አበባ ያስነጥሳል የሚል ነገር ስላነበብኩ ፈራሁ። የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ይንገረኝ፣ ዘሩ ትንሽ ስለሆነ በከንቱ እንዲያልቅብኝ አልፈልግም።

የሆጤ እናት

ልጄ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ዘሩን አትቅበሪው። ይሄ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፣ አፈር ካለበስሽው አብዛኛው ሳይወጣ ይቀራል። አፈሩ ላይ በትነሽ በመዳፍሽ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ ነው።

ደቃቅ ዘር በጣት ተቆንጥሮ ሲበተን አንድ ቦታ ይከመራል። ከደረቅ ጥሩ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በትኚው፣ አሸዋው ነጣ ስለሚል የት እንደደረሰና የት እንደቀረም ያሳይሻል። ማብቀያ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የዘይት ጄሪካን በአግድም ቁረጪ፣ ታችኛውን በጋለ ሚስማር በሳሳ አድርጊው። አፈሩን 2 እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ አድርገሽ በወንፊት ንፊው። መረሬውን እዚህ ውስጥ አታስገቢ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንና ቀጭኗን ሥር ያንቃታል።

ውሃ ከላይ አታፍሺበት፣ ዘሩ ተጠርጎ ጥግ ይሰበሰባል። ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርገሽ ጄሪካኑን አስቀምጪበት፣ ከታች እየሳበ ይጠጣል። የላይኛው አፈር ጠቆር ሲል አውጪው። ይሄ ለፈረቃ ውሃም ጥሩ ነው፣ አንድ ጆግ ውሃ ብዙ ቀን ይሄዳል። ከዚያ በነጭ ላስቲክ ሸፍነሽ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አድርጊው፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ እንዳያገኘው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚስማማው። የደሴ የጥር ሌሊት በረንዳ ላይ ለማሳደር ይበርዳል።

ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ብቅ ብቅ ሲል ላስቲኩን ወዲያው አንሺ። ታፍኖ ከቆየ ችግኞቹ ከአፈሩ በላይ ያለው ግንዳቸው ይጠቁርና አንድ በአንድ ይወድቃሉ፣ ያን ጊዜ ምንም ማዳን አይቻልም። እኔ ለሁሉም ደቃቅ አበባ የማደርገው እንደዚህ ነው፣ ለፔቱኒያም።

አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ወደየራሳቸው ፌስታል አዛውሪያቸው። ቁመታቸው አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፋቸውን ቁረጪ፣ ቅርንጫፍ ያበዛሉ።

ግሪንሀውስ የሠራ

እህቴ፣ የእትዬ ምክር ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ስለ ማበቡ ነው። ማብቀሉ ላይ ብዙ አትቸገሪም። የሚያስቸግርሽ ሌላ ነው፣ ይሄን ማንም ካልነገረሽ ተክሉ ለምለም ቅጠል ሆኖ ቆሞ ዓመት ሙሉ ትጠብቂያለሽ።

«ሄሌና» የሚባለው ሄሌኒየም አውቱምናሌ የተባለው ዝርያ ነው። ይሄ ተክል የረጅም ቀን ተክል ነው። ቀኑ ረጅም ሌሊቱ አጭር ሲሆን ነው አበባ መቋጠር የሚጀምረው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፣ እዚያ በሰሜኑ በኩል ሰኔ ላይ ፀሐይ ከ15 ሰዓት በላይ ትቆያለች። ደሴ ላይ በዓመቱ ረጅም የሚባለው ቀን፣ ሰኔ 14 አካባቢ ያለው፣ 13 ሰዓት አይሞላም። የኛ አገር አበቦች ከዚህ ጋር ተላምደው ኖረዋል፣ ይሄኛው ግን እንግዳ ነው። ብርዱ ይስማማዋል፣ ዝናቡ ይስማማዋል፣ የቀኑ ርዝመት ነው የሚያንሰው።

መፍትሔ አለው። በየአበባ እርሻው ሌሊት ሌሊት መብራት የሚበራው ለምን ይመስላችኋል? ጂፕሶፊላም የረጅም ቀን አበባ ነው፣ እኛ አገር ያለ መብራት በደንብ ስለማያብብ አምፖል ተሰቅሎለት ነው የሚመረተው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፀሐይ ከመጥለቋ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ማብራት ነው፣ ተክሉ ቀኑ እንደቀጠለ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አብርቶ ሌሊቱን ከመሃል መቁረጥ ነው። ኃይለኛ መብራት አይፈልግም፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የተሰቀለ ተራ አምፖል ለጥቂት ተክል ይበቃል።

ስለዚህ አጥሩ ሥር ከመትከልሽ በፊት አስቢበት። የበረንዳችሁ ወይም የበራችሁ መብራት የሚደርስበት ቦታ ካለ እዚያ ትከዪው፣ ቤተሰቡ ለራሱ ሲያበራ ለተክሉም ያበራለታል ማለት ነው። መብራት ሁለት ሦስት ሌሊት ቢጠፋ ተክሉ አይሞትም፣ ማበቡ ግን ይዘገያል።

ጊዜውን እንዲህ ቁጠሪው። ረጅም ቀን ካገኘ በኋላ እስኪያብብ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። ለመስቀል እንዲደርስ ከግንቦት መጨረሻ ወይም ከሰኔ መጀመሪያ ጀምረሽ ማብራት አለብሽ። በዚያ ጊዜ ተክሉ ትልቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ጥር ላይ ዝሪ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ የበልጉን ዝናብ ጠብቀሽ መሬት አውርጂው። በልግ ከዘገየ እየጠጣ ፌስታሉ ውስጥ ይቆይ።

ሚኒሶታ ያለ ወሎዬ

የቦሩ ሜዳ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ሚኒሶታ ነው። የአገሬ ሰው ስለዚህ አበባ ሲጠይቅ በማየቴ ደስ ብሎኛል። እዚህ በዱር ይበቅላል። የት ነው የሚበቅለው ካላችሁ፣ ወንዝ ዳር፣ ረግረግ ሜዳ ላይ፣ ውሃ በሚተኛበት ጉድባ አጠገብ ነው። ደረቅ ኮረብታ ላይ አታገኙትም። ስለዚህ እህቴ ያንን መረሬ ብዙ አትፍሪው፣ እርጥበት መያዙ ለዚህ ተክል ጥሩ ነው። ፍግና ብስባሽ ቀላቅለሽ ለስለስ አድርጊው እንጂ ከሌላ ቦታ ቀይ አፈር እያስመጣሽ አትድከሚ። የሚያሳስበኝ በጋው ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ። ሲጠማው የታችኛው ቅጠል ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። ሥሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ሸፍኚው፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ሳሙና ካልበዛበት ስጪው።

ፍግ ግን አታብዢ። ሲጠግብ ቁመቱ ይረዝምና ይወድቃል። «ሄሌና» አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ በክረምት ዝናብና በረዶ ደግሞ ያለ ድጋፍ አይቆምም። ሲተከል ጀምረሽ እንጨት አቁሚለት። በአንዱና በሌላው መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተዪ። ተጠጋግቶ ከተተከለ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ በሽታ ይወጣበታል።

ስለ እናትሽ አብሽሪ። የዚህ አበባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፣ ንብና ቢራቢሮ ናቸው የሚያመላልሱት፣ በነፋስ አይበንም። ማስነጠሱ የመጣው ከሌላ ነገር ነው። የጥንት የአገሩ ሰዎች ቅጠሉንና አበባውን አድርቀው ይፈጩና እንደ ሱረት በአፍንጫ ይስቡት ነበር፣ ጉንፋን እንዲወጣላቸው። ደርቆ ካልተፈጨ ግቢ ውስጥ ቆሞ ማንንም አያስነጥስም። አበባው ደርቆ ሲቀር እናትሽ እጃቸው ውስጥ እንዳያሹት ብቻ ንገሪያቸው።

ዘሩን ፍሪጅ ውስጥ ስለማቆየትም ላንሳ። የዱሩ ዘር ክረምቱን ከበረዶ ሥር ተኝቶ ነው በጸደይ የሚበቅለው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ከመዝራቱ በፊት ዘሩን በእርጥብ አሸዋ አድርጎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ ያቆየዋል፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ሳይሆን ታች። ፓኬት ውስጥ ያለው የተሻሻለ ዘር ያለዚያም ይበቅላል የሚሉ አሉ፣ እውነትም ይበቅላል። እኔ ብሆን ግማሹን ታኅሣሥ ላይ ፍሪጅ አስገብቼ ግማሹን እንዲሁ ጥር ላይ እዘራዋለሁ። አንዱ ቢያንስ ሌላው ይተካዋል።

የኩታበር ንብ አናቢ

ሰላም ለሁላችሁ። አበባው ያምራል፣ ንብም በጣም ይወደዋል። ግን አንድ ሰው ስለ ከብት ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ዝም አላችሁ። ይሄ ተክል መርዛም ነው። ሄሌናሊን የሚባል መራራ ነገር አለበት፣ በግ፣ ፍየልና ላም ከበሉት ይታመማሉ፣ ብዙ ከበሉት ይሞታሉ። መራራ ስለሆነ ሣር እያለ አይነኩትም። አስቸጋሪው በጋው ነው፣ ሜዳው ተልጦ እንስሳው ያገኘውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ሲቀጥፍ። እኛ አገር ደግሞ ፍየል የማይገባበት አጥር የለም።

ስለዚህ እህቴ፣ አጥር ሥር ካልሽ ከውስጥ በኩል ይሁን፣ ጎረቤት ፍየል አንገቷን አስገብታ በማትደርስበት ርቀት። ስትገርዢው ቅጠልና ግንዱን ለበግ አትስጪ፣ ሲደርቅም መርዙ አይጠፋም። ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው። ልጆች አበባውን አፋቸው እንዳይከቱትም ንገሪያቸው።

ቢጫው «ዳኮታ ጎልድ» ሄሌኒየም አማረም የሚባለው ዝርያ ነው። አሜሪካ በደቡብ በኩል ላሞች ይሄን ሲግጡ ወተቱ ይመርራል። ንብ ከዱሩ በብዛት ስትቀስም ማሩም ለሰው የማይበላ መራራ ይሆናል፣ ንብ አናቢዎቹ ለንቦቹ መኖ ይተዉታል እንጂ አይሸጡትም። አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ሃያ ተክል ቢኖር ማር አያበላሽም። ግን ወደ ዱር ወጥቶ የተራባ ቀን የኛ የአደይና የግራር ማር ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው ያመኛል። ይሄን ስል ላስፈራራሽ አይደለም፣ ዘሩ ሳይበተን አበባውን ቁረጪ ለማለት ነው።

የወልዲያ ዕፅዋት ጤና

የመጨረሻውን ነጥብ እደግፋለሁ። በቆቦና በወልዲያ በኩል ፓርቴኒየም የሚባለው አረም ምን እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፣ የዚሁ የአደይ፣ የኑግና የሱፍ ቤተሰብ ነው፣ ሄሌኒየምም ከእነሱ ጋር ነው። እህቴ፣ ሄሌኒየም እንደ ፓርቴኒየም ዓይነት አረም ነው እያልኩ አይደለም። እንግዳ ዘር ሲገባ ግን ባለቤቱ መጠንቀቅ አለበት።

ከውጭ ዘር ማስገባት አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና ከመጣበት አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይፈልጋል። ይሄን የሚሠራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ፓኬቱ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ከመዝራትሽ በፊት በቅርብሽ ያለ የግብርና ባለሙያ ጠይቂ። ለወደፊቱም አክስትሽ ይሄን ይወቁት። ነገሩ ወረቀት ብቻ አይደለም፣ ከዘር ጋር በሽታና የአረም ፍሬ አብሮ ይመጣል። ከፓኬቱ ውስጥ መልኩ የተለየ ፍሬ ካየሽ ለቅመሽ አቃጥዪው።

ሌላ ነገር፣ ፓርቴኒየም ሲነካቸው ቆዳቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች ሄሌኒየምም ሊያሳክካቸው ይችላል። ሁለቱም ውስጥ ተመሳሳይ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። ስትገርዢው ጓንት አድርጊ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ሁላችሁንም አሏህ ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ስለ መብራቱ በፍጹም አላውቅም ነበር። በረንዳችን ላይ አምፖል አለ፣ ከሱ ሥር ሁለት ሜትር የሚሆን ባዶ መደብ አለ፣ እስካሁን ጤና አዳም ነበር ያለበት። ጤና አዳሙን ወደ አጥሩ ወስጄ ሄሌኒየሙን እዚያ እተክላለሁ። ለፍየሉም ይሻላል፣ የጎረቤታችን ፍየሎች እስከ በረንዳው አይመጡም። ግብርና ቢሮም ሰኞ እሄዳለሁ፣ እሺ ሳይሉኝ ፓኬቱን አልከፍተውም።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። «ዳኮታ ጎልዱን»ም እንደዚሁ ነው የማደርገው? ሌላው፣ ቀዩን ዓይነት ለይቼ ማብዛት ብፈልግ ዘሩን ብሰበስብ ይሆናል?

ሚኒሶታ ያለ ወሎዬ

«ዳኮታ ጎልድ» የአንድ ዓመት ተክል ነው። በዘራሽበት ዓመት አብቦ ያልቃል። ቁመቱ አጭር ነው፣ አንድ ክንድ አይሞላም፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ሙቀትና ድርቀት ከ«ሄሌና» ይልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ፀሐይ ወዳለበት ደረቅ ጥግ ውሰጂው። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ከዚህኛው ችግኝ አካፍያቸው፣ እዚያ ሞቅ ስለሚል ደስ ይለዋል። አዘራሩ ያው ነው፣ አይቀበርም።

«ሄሌና» ግን ቋሚ ነው። ላይኛው ክፍል ይደርቅና ከሥሩ እንደገና ይነሳል። በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ነቅለሽ ከፋፍለሽ ካልተከልሽው መሃሉ ያረጃል፣ አበባውም ይቀንሳል።

ቀዩን ለማብዛት ዘር አትሰብስቢ። ከቀዩ የሰበሰብሽው ዘር ቀይ ብቻ አያወጣም፣ ቢጫም ብርቱካንማም ይወጣበታል። «ሞርሃይም ቢዩቲ» የሚባለው ታዋቂ ቀይ ዓይነት ራሱ በዘር አይራባም። ሲያብብ የወደድሽውን ቀይ ግንድ ክር አስሪበት። አበባው አልፎ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ፣ ከነሥሩ በስለት ቆርጠሽ ለይተሽ ትከዪው። ያ ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። ዘር ስለማትፈልጊ የጠወለገውን አበባ ሁሉ መቁረጥ ትችያለሽ፣ የኩታበሩ ወንድማችን የፈራውም አይደርስም፣ ተክሉም ዘር በማፍራት ፈንታ ሌላ አበባ ያወጣልሻል።

የሆጤ እናት

ልጄ፣ አንድ ነገር ረስቼ። ችግኙን መሬት ስታወርጂ ክረምት ላይ ቀንድ አውጣ ይመጣበታል። ለጋውን ቅጠል በአንድ ሌሊት ወንፊት ያደርገዋል። ማታ ማታ በባትሪ እየዞርሽ ልቀሚ። አመድም ዙሪያውን ነስንሺ፣ ዝናብ ሲያጥበው ድገሚ።

ከፌስታል ከማውጣትሽ በፊት ደግሞ ሳምንት ያህል ቀን ቀን ውጭ ማታ ማታ ቤት እያስገባሽ አለማምጂው። መስኮት ሥር ያደገ ችግኝ የደሴ ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

ግሪንሀውስ የሠራ

ስለ አምፖሉ አንድ ቃል ልጨምር። መስቀል ሲያልፍና አበባው ሲያበቃ መብራቱን ለተክሉ ብለሽ ማብራት አቁሚ። ግንዱን ከመሬት አንድ ጣት ያህል አስቀርተሽ ቁረጪው፣ በብርዱ ወቅት ይረፍ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቡቃያው ሲነሳ ጉልበት ሲደርስ ጫፉን አንድ ሦስተኛ ቁረጪ፣ አጭርና ቅርንጫፋም ይሆናል፣ በረዶም አይጥለውም። ከዚያ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንደገና ማብራት ትጀምሪያለሽ። ስትዘሪ ፎቶ እየለጠፍሽ አሳውቂን፣ የበቀለውን ከአረሙ ለመለየት እናግዝሻለን።